አንድ ወንበር ለሁለት ጉልበት

አዋጅ! ነጭ ሽንኩርት የምትተክል፣ ነጭ ሽንኩርት የምትነቅል፣ ወጥህም ላብህም ነጭ ሽንኩርት የሚሸት የፓምጎል ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን አቅና! የሰባ አምስት ዓመቷ መበለት የሱንዶክ ቀኝ ጉልበት ከዛሬ ጀምሮ መቶ ሃያ ዲግሪ መታጠፉን እወቅ፤ አውቀህም ላላወቀው አሳውቅ። ወዳጅ ይኩራ፣ ጠላት ይፈር!

እርግጥ የመንደሩ ሹም ቹንሺክ ቃል በቃል እንዲህ አላለም። እሱ በአረጋውያኑ መዋያ ቤት ጣራ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ፤ የጠፋች ፍየል አስታወቀ፤ ውሃ እንደሚቋረጥ አስታወቀ፤ ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ "እማማ ሱንዶክ ትናንት ከተማ ወርደው ጉልበታቸው ተለክቶ መቶ ሃያ መጥቶላቸዋል። እንኳን ደስ ያለዎት! እማማ ማክሬም… እማማ ማክሬም በርቱልን" አለ።

ማክሬን የገደላት ያ "በርቱልን" ነው።

አልጋዋ ላይ ሆና ሰማችው። ከነጋ አልተነሣችም፤ ሌሊቱንም አልተኛችም። የእሷ ጉልበት ትናንት በዚያው የሐኪም ቤት ክፍል፣ በዚያው መለኪያ፣ በዚያችው ባለሙያ ተለክቶ ዘጠና አምስት ነበር። ቹንሺክ ቁጥሯን አለመጥራቱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ከስድብ የሚለየው ሳቅ ስለሌለው ብቻ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ለቀዶ ጥገናው ከተማ የወረዱት በኅዳር ነበር፤ ሽንኩርቱ ተተክሎ፣ የብርዱ ወራት ኪምቺ፣ ያ በበርበሬ የሚቦካው ጎመን፣ ጋን ከገባ በኋላ። በዚያ አገር የሴት ጉልበት የሚጠገነው ማሳ ሲያርፍ ነው። መቀመጫቸው ላይ በቀበቶ የሚታሰር ክብ ስፖንጅ አንጠልጥለው፣ በሽንኩርቱ ትልም መካከል እንደ ዳክዬ እየተንፏቀቁ ሃምሳ ዓመት አርመዋል። ሃምሳ ዓመት ቁጢጥ ብሎ የኖረ ጉልበት አንድ ቀን አቤቱታ ሳያሰማ ሥራ ያቆማል። ሐኪሙም ያረጀውን አጥንት ጠርቦ በብረት ይተካዋል። ማክሬና ሱንዶክ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሐኪም፣ ጎን ለጎን በተዘረጋ አልጋ ተቀደዱ፤ ተሰፉ። ስፌቱ ሲፈታ ማክሬ ቆጠረች። የእሷ ሃያ ሁለት፣ የሱንዶክ ሃያ። በዚህም ቀናች።

ቅናቱ አዲስ አልነበረም። ሁለቱም በአንድ ዓመት ተድረው ወደ ፓምጎል የመጡ ሙሽሮች ነበሩ። ሱንዶክ ቀድማ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ቀድማ ማቀዝቀዣ ገዛች፤ ባሏ እንኳ ቀድሞ ሞተላት። ማክሬ በሁሉም ነገር ሁለተኛ ሆና ስትኖር፣ ቢያንስ በጉልበት በሽታ እኩል ነን ብላ ተጽናንታ ነበር። እንግዲህ ይቺም ቀረች።

ጠባሳው ከጭኗ እስከ ቅልጥሟ የወረደ ቀይ ትል ይመስላል። ቀን እንደ ጠበበ መቀነት ይይዛታል፤ ማታ ደግሞ መቀነቱን አንድ ሰው ከእግርጌ ቆሞ የሚስብባት ይመስላታል። በጀርባዋ ስትተኛ ይወጠራል። በጎኗ ስትሆን ደህናው ጉልበት ይጫነዋል። ትራስ ከጉልበቷ ሥር ስትሸጉጥ ለጊዜው ይመቻታል፤ ጠዋት ግን እግሯ እንደ ማጭድ ጎብጦ አልዘረጋ ይላታል። ባለሙያዋ ትራሱ ከጉልበት ሥር እንዳይሆን በኅዳር ነግራቸው ነበር። ጠባሳው እንዴት እንደሚታሽ፣ ቀን ስንት ሰዓት ማሸለብ እንደሚበቃም ነግራቸው ነበር። ማክሬ ግን የሰማችው በግማሽ ጆሮ ነው፤ ዓይኗ የሱንዶክ ጉልበት ላይ ነበር።

ድምፅ ማጉያው በለፈፈበት በዚያ ቀን ሁለቱም ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አረጋውያኑ ቤት መጡ።

የፓምጎል ሴቶች የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት እዚያ ነው። ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አበባ የተሣለበትን ካርታ ብርድ ልብስ ላይ እየጣሉ ይጫወታሉ፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይልጣሉ፤ የሌለን ሰው ያማሉ። ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ደግሞ፣ ከተዘጋው የመንደሩ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ የእንጨት ወንበር አለ። እስካሁን ኮት ይሰቀልበት ነበር። ማክሬ ወደ ወለሉ መውረድ ስለማትችል እሱ ላይ ተቀመጠች።

ከፍ ብሎ መቀመጥ በሌላ አገር ሹመት ነው፤ በፓምጎል ስደት ነው። ስኳር ድንቹ በእግሯ ሥር ያልፋል። ቀልዱ እሷ ዘንድ ሲደርስ ቀዝቅዟል። ካርታውን ከላይ ስለምታየው ማንም አያጫውታትም። የቀራት ሥራ ጫማ መጠበቅ ነው።

"ዳኛ!" አለች አንዷ ከታች፣ "እስቲ ፍረጂልን፣ ይቺ ሴትዮ ካርታ ደብቃለች አልደበቀችም?"

"ዳኛዋ ጉቦ ካልበላች አትፈርድም፤ ድንች ወርውሩላት!" አለች ሌላዋ። ሳቁ ወለሉን ሞላው።

በዚህ መሐል ሱንዶክ ገባች። ግድግዳውን ያዘች፤ ተነፈሰች፤ ቀኝ እግሯን አስቀድማ ዝቅ፣ ዝቅ አለችና ሞቃቱ ቦታ ላይ ዘፍ አለች። ጉልበቷንም አጠፈችው! ሴቶቹ አጨበጨቡ። ማክሬም አጨበጨበች፤ ምራቋ ግን ሬት ሬት አላት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዓለም ላይ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከዚህ ወንበር ወርዳ ከሱንዶክ ጎን መቀመጥ።

ከምሳ በኋላ የባሰ መጣ። ሱንዶክ በተቀመጠችበት ጋደም አለችና አንኮራፋች። እንደ እርሻ መኪና!

"ሌሊቱ አልበቃ ብሏት ከቀኑ ትበደራለች!" አለች ማክሬ ለጫማዎቹ።

ይህ በየቀኑ ሆነ። ማክሬም ሱንዶክ በተኛች ቁጥር ወንበሯ ላይ ዓይኗን ጨፍና አንገቷ እስኪቀጭ ታሸልብ ጀመር፤ በእንቅልፍ ልትበልጣት! ውጤቱም ሌሊቱን እስከ ንጋት ጣራ መቁጠር ሆነ። ሱንዶክን ጥግ ይዛ፣ "እትዬ፣ ለጠባሳሽ ምን ትቀቢዋለሽ?" ብትላት፣ "ምን እቀባዋለሁ እቴ፣ ሥጋዬ ድሮም ልስልስ ነው" አለቻት። ልስልስ! ማክሬ ቤቷ ገብታ ቁርጭምጭሚቷን በመቀነት አስራ ወደ ራሷ ሳበችው። ጉልበቷ አልታጠፈም፤ ዱባ አክሎ አበጠ እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ አላስተኛትም፤ ቁልፉ። አመሻሹ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሁሉም ጫማውን እየፈለገ ሲነሣ ሱንዶክ አትነሣም። "ሂዱ፣ ሂዱ፣ ማሞቂያውን አጥፍቼ በሩን እኔ እቆልፋለሁ" ትላለች። ቹንሺክም በዚያው ድምፅ ማጉያው "የእማማ ሱንዶክን ትጋት አርአያ እናድርግ" ብሎ አመሰገናት። ማክሬ ግን እንዲህ ስትል አሰበች፦ ሰው የሌለበት ቤት ምን ትሠራለች? መድኃኒቷን የምትቀባው ያኔ ነው!

በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉም ጋር ወጣች። እስከ ጎመኑ ማሳ ከዘራዋን እያንኳኳች ሄደች። ሴቶቹ ሲበታተኑ ተመለሰች፤ ሳታንኳኳ በሩን በረገደችው።

ሱንዶክ ወለሉ መሐል ነበረች። በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች፣ ልክ እንደ ሽንኩርቱ ማሳ፣ ወደ ወንበሩ ትሄዳለች። ደረሰች። ሁለት እጇን ወንበሩ ላይ ጫነች፤ ራሷን ወደ ላይ ገፋች፤ ወንበሩ በወለሉ ላይ ተንሸራቶ ሸሸና እሷ ዘፍ አለች። ግንባሯ በላብ ርሷል።

"በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል" አለች ቀና ሳትል።

"እትዬ! ወድቀሽ ነው?"

"ምን እወድቃለሁ! ተቀምጬ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ።"

ማክሬ አሰላችው። "ሽንት ቤትስ?"

"ሾርባውን ለምን የማልጠጣ ይመስልሻል? አሁን ከሳቅሽ በእናቴ አጥንት በዚህ ከዘራ ነው የምልሽ።"

ማክሬ አልሳቀችም። ለመሳቅ እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የቀናችበትን ነገር መልሳ ትመዝን ነበር። "መቶ ሃያ አይደለም እንዴ?" አለች በመጨረሻ።

"መቶ ሃያ መታጠፉ ነው። መነሣቱን የለካ የለም።"

"ታዲያ ወንበሩን ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ምን ብዬ? ያ ለፍላፊ ጣራ ላይ ወጥቶ መቶ ሃያ ብሎኝ! መቶ ሃያ ያላት ሴት ወንበር ትለምናለች? አንቺ እዚያ ላይ እንደ ንጉሥ እናት ተጎልተሽ እኔ ከታች ሆኜ ወንበሩን ሳይ ምራቄን እየዋጥኩ ነው የከረምኩት።"

"እኔ? እኔን አይተሽ?" አለች ማክሬ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሱንዶክ በእሷ ስትቀና ሰምታ አታውቅም። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ እስከ ጠባሳው መጣ፤ እዚያ ሲደርስ ጠባሳው ወጠረውና ቆመ።

ወንበሩ እንዳይሸሽ ማክሬ ተቀመጠችበት። ሱንዶክም በመጀመሪያ የማክሬን ደህና ጉልበት፣ ከዚያ ወገቧን፣ ከዚያ ትከሻዋን እየያዘች እንደ ግንብ ወጣቻት። ሁለቱም ሲያቃስቱ በዚያ ያለፈ ሰው ምጥ ነው ይል ነበር። ቆመች።

"እንቅልፉስ? ያ ሁሉ ማንኮራፋት?" አለች ማክሬ አንገቷን እያሸች።

"ሌሊት ማን ይተኛል? ቆዳው እንደ ከበሮ ይወጠርብኛል። እዚህ ሰው ሲንጫጫ ነው ዓይኔ የሚከደነው። ከንጋት በፊት ግን ተረከዜን ትራስ ላይ አድርጌ፣ ቁስሉ ከደረቀ ወዲህ በቅባት በሁለት ጣት ዙሪያውን ቀስ እያልኩ ስፈትለው ትንሽ ይለቀኛል። ያቺ ባለሙያ ልጅ ነግራን የለም እንዴ?"

"ልስልስ ነው ብለሽኝ!"

"ታዲያ ምን ልበልሽ፣ እየመከርኩሽ መቶ ሠላሳ ልታስገቢ?"

ማክሬ ይህን መልስ ወደደችው፤ የራሷ መልስ ይመስላል። በዚያ ደካማ ሰዓት፣ ሰው በሕይወቱ አንዴ የሚሠራውን የቂልነት ደግነት ሠራች። ለማንም እንደማትናገር በባሏ መቃብር ማለች። ወንበሩንም አካፈለች፤ ቀድማ የመጣች እስከ ምሳ፣ ሌላዋ ከምሳ በኋላ።

ያን ማታ ትራሱን ተረከዟ ሥር አደረገች። በሁለት ጣቷ ጠባሳውን ፈተለችው። አልለቀቃትም፤ ላላ አለ እንጂ። እንቅልፍ መጣ። መጣ ብቻ ሳይሆን ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ከኅዳር ወዲህ ያልመጣው ሁሉ ተጠራቅሞ። የሹሙን ማስታወቂያ እንኳ አልሰማችም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ማክሬ ነቅታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ከዘራዋን ይዛ አረጋውያኑ ቤት ስትደርስ ረፋዱ ወደ ምሳ ሰዓት ተጠግቷል። ሱንዶክ ወንበሩ ላይ ነበረች። ከሥሯ ትራስ አንጥፈውላታል። የስኳር ድንቹ ሳሕን በሁለት እጅ ከታች ወደ ላይ ይቀርብላታል።

"አልሰማሽም እንዴ?" አለች አንዷ ለማክሬ፣ "ሹሙ ጠዋት አስነግሮላታል። በመቶ ሃያ ጉልበቷ ሞቃቱን ቦታ ለደካሞች ለቃ ከፍ ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ነው እንጂ ትሕትና! ነይ፣ ቦታው ላንቺ ነው የተለቀቀው፣ ውረጂ!"

ማክሬ ሱንዶክን አየች። ሱንዶክ ስኳር ድንቹን ላጠች።

ምሳ በላ ሁሉም፤ ማክሬ ቆማ በላች። ተራዋ ደረሰ። ወደ ወንበሩ ዞረች። ሱንዶክ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ታንኮራፋለች፤ የእውነት ይሁን የውሸት፣ ይህን ሐኪም እንኳ አይለየውም። መቀስቀስ ምስጢሩን ማውጣት ነው። መውረድ ደግሞ ማን ሊያነሣት? በሩ አጠገብ አንድ እጇን የጫማው መደርደሪያ ላይ አድርጋ ቆመች። ከታች ያለው ቦታ፣ ሦስት ሳምንት የተመኘችው፣ ባዶውን ይሞቃል። እሷ ግን የምታየው ትራሱን ነበር። ለእሷ ማንም ትራስ አንጥፎላት አያውቅም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ወዳንተ መጥቷል። በመኝታ ክፍልህ ጥግ ልብስ የምትከምርበት አንድ ትርፍ ወንበር አለህ፤ የለኝም ብለህ አትገዘት። ልብሱን አንሣና ወንበሩን ወደ ፓምጎል ላክልን። አደራ ግን፣ ቁመቱ ከመጀመሪያው ወንበር በአንዲት ጣት እንኳ እንዳይበልጥ፤ እንዳያንስም። ለየትኛዋ እንደተላከም ላዩ ላይ አትጻፍ። ትራስ የምትጨምርበት ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ ያኛው ትራስ ምን ያህል እንደሚወፍር አንድ ሰው ልከህ አስለካና…