ሜክሲኮና የአንዲት እናት ተዝካር

መካነ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ስም መጥራት እፈራ ነበር። ስጠራ መልስ የማይሰጥ ስም በዝቶ ነበር። አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ከቤተሰቡ ጋር ለሰፈራ ሄዷል፣ የቀረው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጎበዟ «ቲቸር፣ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ አልመጣም» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«ለምን?»

«ደሴ ሰው ቤት ልቀጠር ነው። ለእማዬ ተዝካር ማውጫ እንዲሆን።»

እናቷ በድርቁ ጊዜ እህል ፍለጋ ወደ ወረኢሉ ስትሄድ መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። የቀበሯት መንገደኞች ናቸው። አባቷ ጠላ አስጠምቆ፣ ካህናቱንና አገሩን ጠርቶ ተዝካሯን ካላወጣ እንቅልፍ የለውም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «እርስዎ የከተማ ሰው ነዎት፤ ይሄ አይገባዎትም» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ይቺን ልጅ ግን ከመዝገቤ እንደማልሰርዝ ለራሴ ማልኩ።

ቤተ መጻሕፍት በምንላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የተቀዳደደ የውጭ አገር መጽሔት ነበር። የሜክሲኮ ሰዎች ሙታናቸውን የሚያስቡበት ቀን ፎቶግራፎች አሉበት። በማግስቱ ይዤው ክፍል ገባሁ። በዓመት አንዴ፣ በጥቅምት ማብቂያ ግድም፣ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛ እንደሚያሰናዱ ነገርኳቸው፤ የሟቹን ፎቶ፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ እንደ አደይ ቢጫ የሆነ አበባ ይደረድሩበታል። መቃብሩንም ያጸዳሉ፣ እዚያው ተቀምጠው ስለ ሟቹ ሲያወጉ ያመሻሉ።

ከስኳር የተሠራውን የራስ ቅል ሳሳያቸው በሳቅ ፈረሱ። ስኳር ከቀበሌ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን! «ቲቸር፣ ያን ሁሉ ስኳር የሚያድላቸው የትኛው ቀበሌ ነው?» አለ አንዱ። ከኋላ ወንበር ደግሞ «ይሄማ ሰደቃ ነው!»፣ «ኧረ ተዝካር ነው!» እየተባባሉ መከራከር ያዙ።

እኔ የምጠብቀው የአንዷን ጥያቄ ብቻ ነበር። እጇን አወጣች።

«የሌለውስ ሰው?»

«የሌለው ያለውን ያስቀምጣል። አንድ ብርጭቆ ውሃና ቆንጠር ያለች ጨውም ይሁን። ሟቹ ከሩቅ ስለሚመጣ ይጠማዋል ይላሉ።»

ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ጠራኝ። «እኛ ተዝካር ኋላቀር ልማድ ነው፣ ይቅር እያልን፣ አንቺ ከውጭ አገር ታስመጪልናለሽ?»

«ጓድ ዳይሬክተር፣ የሜክሲኮ ሰፊ ሕዝብ እኮ ከእኛ በፊት አብዮት ያካሄደ ነው» አልኩት። ነገም እቀጥላለሁ ብዬው ወጣሁ፤ ቀጠልኩም።

ዓርብ ዕለት አባቷን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልጁን ሊያስወጣ የመጣ መስሎኝ ለጠብ ተዘጋጀሁ።

«እነዚያ ሰዎች ክርስቲያን ናቸው?» አለኝ።

«ናቸው።»

«ልጅቱ ያሉትን ሁሉ ነገረችኝ። ሄጄ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ተቆጡኝ። ‹እኔ መቼ ጠላ አምጣ አልኩህ? ንፍሮህን ይዘህ ና፣ ፍትሐቱን እናደርስላታለን› አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡልኝ።»

የደሴውን ነገር አላነሳም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

እሑድ ሄድኩ። አባቷ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ለመጣው ሁሉ አደለ፤ እኔም በመዳፌ ተቀበልኩ። ልጅቱ ከሰዉ ራቅ ብላ፣ ዛፍ ሥር አንድ ጣሳ ውሃ አስቀምጣ አየሁ። አጠገቡ ጠውለግ ያለ አደይ አኑራለች።

«ተይ፣ የእኛ ሥርዓት አይደለም ብላት እምቢ አለችኝ» አለ አባቷ። «ተውኳት። ያን ቀን መንገድ ላይ ከእናቷ ጋር የነበረችው እሷ ናት። እናቷ ውሃ ውሃ እያለች ነው የሞተችው።»

እንባዬ መጣ። «አብሽሩ» አለኝ፣ ሐዘንተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ገለጥኩ። ስሟ ጋ ስደርስ ወንበሯን ላለማየት ቀና ሳልል ጠራኋት።

«አቤት!» አለች።