በምጥ ላይ የተጠራ ስም

ሥራነሽ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ የጮኸችው ጩኸት በመንደሩ መቀለጃ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ከይጁቤ በላይ ባለው የጎጃም ደጋ ሴት ስታምጥ ማርያምን ትጠራለች፤ እናቷን የምትጠራም አለች። ሥራነሽ ግን ከጧት እስከ ማታ የጠራችው ባሏን ነው። «አበረ! አበረ!» ስትል፣ አበረ ደግሞ ከደጅ ቆሞ በየጥሪው «አለሁ! አለሁ!» እያለ ሲመልስላት ዋለ። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት «አበረ፣ አለህ?» ይሉታል። እሱም አይቆጣም፤ «አለሁ» ብሎ ይስቃል። ሲስቅ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር።

ያ ልጅ በሁለት ዓመቱ በኩፍኝ ሞተ። ኀዘኑ ሳይበርድ ጣሊያን ጎጃም ገባ። አበረ አንድ ዓመት ያህል አንገቱን ደፍቶ አረሰ። የአገሩ ሰው መሣሪያውን እንዲያስረክብ በታዘዘ ጊዜ ግን ጠመንጃውን ይዞ ወደ አባይ በረሃ ወረደ። በሳምንቱ ባንዳዎች መጥተው ቤቱን አቃጠሉት። ሥራነሽ ከእሳቱ ያተረፈችው አንድ ቁርበት፣ አንድ አገልግልና እንዝርቷን ነው። ጎረቤት ተባብሮ በዚያው በተቃጠለው ቦታ ላይ አንዲት ጎጆ ቀለሰላት። ጥጥ እየፈተለች፣ ድሯን ለሸማኔ እየሸጠች መኖር ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ የባሏን ስም ጮክ ብላ አልጠራችም። የመንደሩ ጭቃ ሹም ፍቅረ ሥላሴ ለጣሊያን አድሮ ስለነበር፣ ዱር ከገባ ሰው ጋር የተገናኘ ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ወህኒ እንደሚላክ አውጇል። ስሙን ማንሳት ራሱ ያስጠይቅ ነበር። ማታ ማታ ብቻ፣ እሳቱን ስታዳፍን፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በልቧ ትለዋለች። እንዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሆነ።

በ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ትፈትል ነበር። ከአጥሩ ውጭ አንድ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ማርያም!» አለ። እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። አበረ ልጅነቱን ዲማ ገዳም ተማሪ ሆኖ ለምኖ ያደገ ነው፤ ልመናውን እንዴት እንደሚያዜመው ታውቀዋለች። ቀና ስትል ደበሎ የለበሰ፣ ጢሙ ደረቱን የነካ፣ ጉንጩ የገባ ሰው ቆሟል። የጎረቤት ሴቶች ጥሬ ሊያሰጡ ወጥተው ያያሉ።

«ግባ ተማሪ፤ ንፍሮ አለ» አለች፣ ሴቶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

ገባ። በሩን ዘጋችው። እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዳስስ ቆየች።

«ምን ይዤልሽ ልምጣ፤ ባዶ እጄን ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል። ብቻ ተቀመጥ፤ ልይህ።»

«እኛ እዚያ የምናወራው እንዲህ ነው፣ በሹክሹክታ። የሚስቅ ሰው ድምፅ ናፈቀኝ ሥራነሽ። ያንቺን ሳቅ አንድ ጊዜ ብሰማው…»

ልትስቅለት ፈለገች። ነገር ግን ባል የሌላት ሴት ከተማሪ ጋር ስትስቅ ቢሰማ ምን ይባላል? አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ደበሎውን ደርቦ ሄደ።

በግንቦት ሆዷ ታወቀ። ሴቶቹ ወንዝ ሲወርዱ ከፊቷ ዝም ይላሉ፤ ካለፈች በኋላ ይንሾካሾካሉ። ፍቅረ ሥላሴ ወደ ደጁ አስጠራት። ሰዎቹ በዙሪያው ተቀምጠዋል፤ ታየች የምትባለው ሚስቱም ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታያለች።

«ባልሽ የት ነው?» አላት።

«በረሃ በልቶት ይሆናል። እኔ ምን አውቄ!»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» በያዘው ከዘራ ወደ ሆዷ አመለከተ።

ሥራነሽ መሬት መሬት እያየች አሰበች። ከባሌ ነው ብትል ባንዳዎቹ በማግሥቱ ጎጆዋን ከበው አድብተው ይጠብቁታል። ዝም ብትልም ያው ነው።

«ከመንገደኛ ነው» አለች።

«ስም የለውም መንገደኛው?»

«አልጠየቅሁትም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ ደጅ እስከ ጎጆዋ ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ ለእሷ ግን የዚያን ዕለት አላልቅ አላት። ከሁሉ የከፋው የአበረ እህት የየብርጓል ነገር ነው። የብርጓል በማዶው መንደር የምትኖር፣ በየበዓሉ ቅቤና እርጎ የምትልክላት ዘመድ ነበረች። ወሬውን ስትሰማ መጥታ ደጅ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ ከዘንዶ ጋር ዋሻ ሲያድር አንቺ መንገደኛ ታሳድሪያለሽ? ከዛሬ ጀምሮ እህቴም አይደለሽ፣ ምራቴም አይደለሽ።»

ምራቋን እንትፍ ብላ ሄደች። ሥራነሽ እስከ አጥሩ ተከትላት ወጥታ ነበር። እውነቱ ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ። የብርጓል ግን ልበ ቀና፣ የሰማችውን መያዝ የማትችል ሴት ናት፤ በደስታ ብቻ እልል ብላ ታስጨርሰዋለች። ተመልሳ ገባች።

ፍቅረ ሥላሴም ነገሩን አልተወውም። ሥራነሽ የመጀመሪያውን ልጅ እንዴት እንዳማጠች እሱም ሰምቷል። ቀኑ ሲደርስ ሚስቱን እንዲህ አላት፤ «ሂጂና ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ። በምጥ ላይ ያለች ሴት አትዋሽም። ማንን እንደምትጠራ ሰምተሽ ንገሪኝ።»

ምጡ የጀመራት በጥቅምት፣ አንድ ጧት፣ ሣር ስታጭድ ነው። ሣሩን እዚያው ጥላ ወገቧን ይዛ ገባች። እማሆይ ወለተ ሰንበት የሚባሉ ያገሩ አዋላጅ ተጠሩ። ቆብ ከደፉ ቆይተዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። ከሰባት የማያንሱ ሴቶች ገቡ። ኃሜተኛም ብትሆን ምጥ ከተሰማ አትቀርም። ታየችም መጥታ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች። ሥራነሽ ስታያት ለምን እንደመጣች ገባት።

ምጡ ሲመጣ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። እሷ ትንፍሽ አትልም። ፀሐይ ከፍ እያለች ሄደች፤ ምጡም እየበረታ ሄደ፤ ልጁ ግን ከነበረበት አልነቃነቅ አለ።

እማሆይ ነጠላውን ከአፏ መንጭቀው አወጡት።

«ምን ነካሽ ልጄ? በዚህ እጄ ስንቱን ተቀብያለሁ። አንዷ ታንጎራጉራለች፤ አንዷ ባሏን ከነዘር ማንዘሩ ትራገማለች፤ አንዷ እንደ ላም ታቃስታለች። ሁሉም ደኅና ነው። ዝም ያለችዋን ነው እኔ የምፈራት። ጥርስ ሲነከስ ታችም ይነከሳል።»

«አልችልም እማሆይ» አለች።

«ምኑን ነው የማትችዪው?»

«መጮህ አልችልም።»

እማሆይ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩ። ከዚያ ቅቤ የነካ እጃቸውን ከወገቧ ላይ አሳረፉ። «እንኪያስ ማርያምን ጥሪያት። ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከዚህ፣ ከሆድሽ። ወደ ታች ጩኺ።»

ሞከረች። «ማርያም» ስትል ድምፁ ቀጥኖ ወደ ላይ ይወጣባታል፤ ከአንገቷ አይወርድም። በምጥና በምጥ መካከል ጭጭ ሲል ጆሮዋ ወደ ውጭ ይሄዳል። ያኔ ከደጅ «አለሁ» ይላት የነበረውን ታዳምጣለች። አንዲት ዶሮ ትጭራለች፤ ነፋሱ የደረሰውን ጤፍ ያንሿሿዋል። ሌላ የለም። አሁን በየትኛው ገደል ሥር ይሆን? ልጁ ዛሬ እንደሚወለድ እንኳ አያውቅም። ማርገዟንስ የነገረው አለ?

እኩለ ቀን ላይ እማሆይ ከንፈራቸውን መምጠጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ አንድ ምጥ መጣ፤ ከፊተኞቹ ሁሉ የከፋ። ሥራነሽ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከኋላዋ የደገፏትን ሴቶች ክንድ ጨምቃ ይዛ፣ ሳታስበው ከሆዷ ወጣ።

«አበረ!»

«ማርያም ማርያም» የሚለው ድምፅ ተቋረጠ። ታየች አንገቷን ቀና አደረገች። ሥራነሽ ላቧ በዐይኗ እየገባ ታየችን አየቻት፤ ከምጡ ይልቅ ፍርሃቱ ሰነጠቃት።

«አበረብኝ…» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ወገቤ… ወገቤ ከሆዴ አበረብኝ!»

«እንዴታ! ያብራል እንጂ» አሉ እማሆይ ቶሎ ብለው። «ምጥ ሲጸና ሕመም ከሕመም ያብራል። በዪው ልጄ፤ እንዲያው በዪው!»

ቀጣዩ ምጥ ሲመጣ ሥራነሽ አፏን ከፈተች። «አበረ! ወገቤ ከሆዴ አበረ! አበረ!» ድምፁ ወፈረ፣ ወረደ፣ ከእግሯ ሥር ያለውን መሬት ያንቀጠቀጠው መሰላት። ሁለት ዓመት ያልጠራችው ስም ነው። በየምጡ ስትጠራው እንባዋ ከላቧ ጋር ይወርዳል፤ ሴቶቹ የሕመም እንባ አደረጉት። እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው «መጣልን! መጣልን!» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ታየች ከምሰሶው ሥር የተነሣችው። ሴቶቹ ሁሉ የጭቃ ሹሙ ሚስት መሆኗን ያውቃሉና መንገድ ለቀቁላት። መጥታ ከሥራነሽ ጎን ተንበረከከችና እጇን ያዘቻት።

«እውነቷን ነው!» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «አበረባት! ሕመሙ አበረባት! እናንተ ምን ዝም አላችሁ? አብራችሁ አልቅሱላት እንጂ!»

ሴቶቹም ተቀበሉ። «አበረ! አበረባት! ማርያም ትፍታት!» ያች ትንሽ ጎጆ የአበረን ስም በአንድ አፍ ጠራችው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴት ልጅ ተወለደች። መጀመሪያ እልል ያለችው ታየች ናት። ሌሎቹ ገንፎ ለማገንፋት ወደ ውጭ ሲወጡ ከሥራነሽ ራስጌ ቁጢጥ አለች።

«ምን ሰማሽ ብሎ ይጠይቀኛል» አለች ዝቅ ብላ። «ማርያምን ስትጠራ ሰማሁ እለዋለሁ።»

ሥራነሽ ለመናገር አቅም አልነበራትም። «ስለ ምን?» ብቻ አለች።

«እኔ አምስት ጊዜ አምጫለሁ። አምስቱንም ጥርሴን ነክሼ ነው፤ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። ደጄ ላይ ቆሞ አለሁ ያለኝ የለም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ሥራነሽ ለልጅቱ አሰገደች ብላ ስም አወጣችላት። የዚያን ዓመትና የሚቀጥለውን፣ የቆሎ ተማሪ ድምፅ በሰማች ቁጥር ሥራነሽ ልጅቱን ታቅፋ ወደ አጥሩ ትሮጣለች። ሁልጊዜም ሌላ ተማሪ ነው። ቢሆንም ባዶ እጁን የሸኘችው አልነበረም።

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. በመጋቢት ማለቂያ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን እንዳጎፈሩ ከየበረሃው ወጥተው በመንደሩ በኩል ማለፍ ጀመሩ። ሥራነሽ ልጅቱን አዝላ ሦስት ቀን መንገድ ዳር ቆመች። በሦስተኛው ቀን አንድ ክንዱን በጨርቅ ያሰረ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ «የአበረ ሚስት ማናት?» ብሎ ጠየቀ። ወልደ ሰንበት ይባላል።

«እኔ ነኝ» አለች። ፊቱን አይታ ግን የቀረውን ሳይነግራት አወቀችው።

ወልደ ሰንበት ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት። አበረ የወደቀው ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ ወደ አባይ በሚያወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

«መውለድሽን ሰምቶ ነበር» አላት። «አንድ የጨው ነጋዴ ይጁቤ ገበያ የሰማውን ይዞልን መጣ። ‹የአበረ ሚስት ከመንገደኛ ወለደች› ሲል እኛ አፈርን፤ መሬት መሬት አየን። እሱ ግን ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። አለቃችን ‹ታስፈጀናለህ፤ ዝም በል› ቢለው ማቆም አቃተው። ‹መንገደኛው እኔ ነኝ!› ይላል፤ ደግሞ ይስቃል። ስሟ ማን ይሆን እያለ ሰንብቷል።»

ይህ ወሬ ሥራነሽ ሳትደርስ የብርጓል ዘንድ ደረሰ። የብርጓል በማግሥቱ ጧት መጣች። ደጅ ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ሥራነሽ ቀድማ አንገቷን አቀፈቻት፤ ሁለቱ እስኪደክማቸው አለቀሱ። ፍቅረ ሥላሴም ሽማግሌ ልኮ ታረቀ፤ ሥራነሽ እርቁን የተቀበለችው ስለ ታየች ብላ ነው።

ለተዝካሩ የፈተለችውን ሁሉ ሸጣ፣ ከየብርጓል ጋር እህል አዋጥተው፣ ልጅቱን እየተፈራረቁ አዝለው፣ ሁለት ቀን ተጉዘው ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ። የተቀበረው በአንዲት የገጠር ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ነው። ቄሱ አንድ የድንጋይ ክምር አሳዩአቸው። ሦስት ሰዎች አብረው በአንድ ጉድጓድ እንዳረፉና የትኛው በየት በኩል እንደሆነ እንደማያውቁ ነገሩአቸው። ሥራነሽ ክምሩን ሦስት ጊዜ ዞረችውና በእግርጌው በኩል ተቀመጠች።

ፍትሐቱ ካለቀ፣ ዳቦውም ለነዳያን ከተከፋፈለ በኋላ የብርጓል «እንነሣ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለች።

«ትንሽ እንቆይ» አለች ሥራነሽ።

ከቅጥሩ ወዲያ መሬቱ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ከታች የአባይ በረሃ ጭጋግ ለብሷል። ቀጫጭን መንገዶች በየገደሉ ላይ ይታያሉ፤ እየተጠማዘዙ ይወርዱና ይጠፋሉ።

«አባቴ፣ እነሱ በየትኛው ነበር የሚመላለሱ?» ብላ ቄሱን ጠየቀቻቸው።

«በሁሉም ነው ልጄ» አሉ ቄሱ። «በዚያ በሾላው በኩል ግን ውሃ ይቀዱ ነበር።»

አሰገደች በየብርጓል ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ሥራነሽ ዐይኗን ቄሱ በመቋሚያቸው ወዳሳዩአት ሾላ አሳረፈች። ፀሐይ እስክታዘቅዝቅ ወደዚያ ስታይ ቆየች።