አባባ ማሽኑ ውስጥ ሲጸልዩ

«ስትስለው የማን ጭንቅላት እንደሆነ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ይህን ሲጠይቀኝ ኮሌታዬን ካነቀ ቆይቷል። ስቶክሆልም ዳር፣ ስፖንጋ፣ ወላጆቻችን ቤት፣ ኩሽና ውስጥ ነን። ኅዳር ነበር፤ እዚያ አገር ያኔ ቀኑ አጭር ነውና መስኮቱ ገና ከምሳ ሳንነሣ ጠቁሯል። የምስር ወጡ ድስት ወለሉ ላይ ተገልብጦ ካልሲዬን አርሶታል። አባባ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

ዛሬ ጠዋት ጢሜን ስላጭ ምላጩ ከንፈሬ ላይ ያለው ጠባሳ ጋ ሲደርስ ያ ቀን መጣብኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ እንጀራዬ ግን ሌላ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ አንድ የምርምር ክፍል ቀጥሮኝ፣ በኤም.አር.አይ. በተነሡ የአንጎል ምስሎች ላይ ትውስታን የሚይዘውን ክፍል ዳር ዳሩን በእጄ እስላለሁ። አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ያንኑ በራሱ ይስላል፤ የኔ መስመር የእሱን መፈተኛ ነው። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረን፦ የምስሉን ባለቤት ማወቅ ክልክል ነው። ለምታውቀው ሰው እጅህ ያዳላል።

አባባ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። በዚያ በጋ የለመዱትን መታጠፊያ ሁለቴ አለፉት፤ ሐኪም ምስል አዘዘላቸው። ፕሮግራሙ ያ የትውስታ ክፍል ለዕድሜያቸው አንሷል አለ፤ የመርሳት በሽታ ምልክት ነው። በዚያ የኅዳር ቀን ዮናስ ሜርስታ ካለው የመጋዘን ሥራው በቀጥታ መጥቶ፣ ሰው ሳይገድሉ መንጃ ፈቃዳቸውን ይመልሱ አለ። እኔ ምስሉን ሥራ ቦታ ወስጄ ከፍቼው ነበር። ነፋስ እንደነካው ውሃ ተንቀጥቅጧል፤ ፕሮግራሙ የደበዘዘውን ጠርዝ ቆርጦ ጥሎታል። በእጄ ሣልኩት፤ ደህና ሆኖ ወጣ። ይህንኑ በኩራት ተናገርኩ። ዮናስ የጠየቀኝ ያኔ ነው።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

ቡጢው ከንፈሬን ሰነጠቀው። እጄ የገባውን ጭልፋ አንሥቼ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ወንበር ተሰበረ። ክንዴን ነከሰኝ፤ ጭንቅላቴን ከፍሪጁ ጋር እያጋጨ «ልጅ ቢድጡስ? ለእናትየውም ትስልላታለህ?» ይለኛል።

«እጸልይ ነበር» አሉ አባባ።

እጃችን ላላ።

«ማሽኑ ሲጮህ ፈራሁ። ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። እንዳልንቀሳቀስ ነግረውኝ ነበር፤ ከንፈሬ ግን አላረፈም።»

ከወር በኋላ አፋቸውን ገጥመው እንደገና ምስል ተነሡ። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። የማን እንደሆነ የማታውቅ ባልደረባዬ ሣለችው፤ ከፕሮግራሙ ጋር ተስማማች። አንሷል። መንጃ ፈቃዳቸውን ራሳቸው መለሱ። ዮናስ ልክ ነበር፤ ግን በዚያ በደበዘዘ ምስል ልክ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም ነበር። እኔም የሣልኩት ፍርሃቴን ነበር።

ጠባሳውን ስነካው ግን የሚመጣብኝ ቡጢው አይደለም። በዚያ ቀን አባባ ተነሥተው፣ ምስሩንና ደሜን ተራምደው፣ የሥራ ኮታቸውን ለበሱ።

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉ።

ወጡ። በሩን እንደ ሁልጊዜው ቀስ አድርገው ዘጉት።