የማያልቁት ሁለት ቁጥሮች

ልጅ እያለሁ ከሐሳቤ አፌ ይቀድም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «አቤት የዚች ልጅ ምላስ!» ይለኛል። ተራራው ላይ ባለችው መንደራችን፣ ጊች፣ ቅኔ የሚያስተምሩት ቄስ አባቴ ግን ይህንኑ ይወዱልኝ ነበር።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ደባርቅ ቤት ተከራይተን ዘጠነኛ ክፍል አብረን እንማር ነበር። ስንቅ ሲያልቅብን ወደ ጊች እንወጣለን። በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መታውና ሁለታችንንም ማስተማር አባቴን አቃታቸው፤ አንዳችን መቅረታችን ነው። ወንድሜ ወንድ ነው ብለው ግን አላዳሉለትም። እሳት ዳር አስቀምጠው «በሉ፣ የተማራችሁትን አስረዱኝ፤ የገባው ይቀጥላል» አሉን።

ቀድሜ ዘው አልኩ። የሁለት ስኩዌር ሩት ቢጽፉት ቢጽፉት የማያልቅ ቁጥር ነው፣ ኢራሽናል ይባላል፤ የስምንትም እንደዚያው። የስምንቱን ለሁለቱ ስናካፍል ግን ጥርት ያለ ሁለት ይወጣል! የአባቴ ፊት በራ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሁልጊዜ!» ወይ ጉዴ፣ ምን አስቸኮለኝ?

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገና «የስድስትንስ ለሁለት?» አለኝ። የሦስት ስኩዌር ሩት ሆኖ ቁጭ አለ፤ እሱም ማለቂያ የለውም። አባቴ «ልጄ፣ ነገሩን ገና አልያዝሽውም» አሉ።

በነጋታው ወንድሜን ወደ ደባርቅ ሸኝቼ ስመለስ መንገድ ላይ መጣልኝ። ለካ የስምንቱ ሩት የሁለቱ ሩት እጥፍ እንደሆነው፣ አንዱ ሩት ራሱ የሌላው ሩት እጥፍ፣ ወይም ግማሽ፣ ወይም ሌላ ክፍልፋይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔ የማያልቀው ከማያልቀው ጋር ይሰረዝና ንጹሕ ቁጥር ይቀራል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እኛ ቤት አባት የቆረጠውን ነገር መልሶ ማንሳት ነውር ነበር።

መንደራችን ከተራራው ተነሥታ ዛሬ ሁላችንም ደባርቅ ነን። ወንድሜ ተመርቆ ሥራ ይዟል፤ ደስ ይለኛል፣ ያንገበግበኛልም። የአሁን ልጆች ታድለው! ትምህርት ቤቱ ደጃቸው ነው፤ ዛሬ ቢሳሳቱ ነገ መልሰው ይጠየቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ሂሳብ ለልጄ ሳስረዳት አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጡ ነበር። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ያን ቀን ይህን ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ…» ብለው ተዉት።

«በነጋታው ገብቶኝ ነበር፣ አባባ» አልኳቸው። «አልጠየቁኝም እንጂ።»