ከስም ጫፍ የተቆረጠው ኮከብ

ሶሲ አዳማ ውስጥ የአንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት። ጎበዝ ናት፤ ክፋቱ ጎበዝነቷን እሷም ታውቀዋለች። ክሊኒኩ የስንት ዘመን የወረቀት ካርዱን ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባ፣ ጸሐፊዎቹ ያዩትን ሁሉ እንዳለ ገልብጠውት ኖሮ የበሽተኞቹ ስም ግራና ቀኙ በባዶ ቦታ፣ በነጥብ፣ በሰረዝና በኮከብ ተሞልቶ ቀረበላት። ስም ተፈልጎ አይገኝም፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ ያለበትን ማሽኑ ሌላ ሰው ያደርገዋል። እሷም አንዲት አጭር ትእዛዝ ጻፈች፦ ከስም ጫፍ ላይ ፊደል ያልሆነውን ሁሉ ቁረጥ። ሃያ ሺህ ስም በቅጽበት ጸዳ። የጸዳውን በአሮጌው ፋይል ላይ አስቀመጠች፤ ወረቀቱም ይቃጠል አለች፣ ተቃጠለ።

በአራተኛው ወር ሻሼ የምትባል የወንጂ ሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ በትኩሳት ራሷን ስታ መጣች። ነርሷ ኮምፒዩተሩ ላይ ስሟን አየች፤ ከጎኑ ምንም ምልክት ስላልነበረ ፔኒሲሊን ወጋቻት። ወዲያው ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቋረጠ። ባሏ ሮባ «ካርዷ ላይ ኮከብ አለ እኮ! አቶ ጀቤሳ ናቸው ያደረጉላት!» እያለ ይጮኻል። ሐኪሞቹ ታግለው መለሷት። ኮከቡን የቆረጠችው የእሷ ትእዛዝ እንደሆነች ሶሲ ያኔ ገባት።

አቶ ጀቤሳ ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ክፍል የሠሩ ሰው ናቸው። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የምስጋና ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቷቸው። ያ ኮከብ ምንድነው ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው የለም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ሶሲ በማግስቱ ደራ ድረስ ሄዳ ቤታቸው አገኘቻቸው።

«ጋሼ ጀቤሳ፣ ኮከቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው፤ የሻሼንም ነገር አልደበቀችም።

«ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ነበር የማደርገው። ነርሶቹ ሁሉ ያውቁታል። አዲሶቹ ከየት ይወቁት?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰዎቹን በየሰፈራቸው ይጠሩላት ጀመር። የመልካሳውን፣ የሶደሬውን፣ የወንጂዎቹን እያሉ እስከ ከሰዓት ስልሳ አንድ ስም አስጻፏት።

«ሁሉም እነዚህ ናቸው?»

«እኔ እርጅና ላይ ነኝ ልጄ። ስንት እንዳጠፋ ማሽንሽ አልቆጠረም?»

«እንዲቆጥር አላዘዝኩትም» አለችና አለቀሰች። አይዞሽ አላሏትም፤ አስተያየታቸው ግን የቁጣ አልነበረም።

በስልክም በእግርም ብላ ስልሳ አንዱንም አገኘቻቸው፤ የእያንዳንዱም ስም ጎን «ፔኒሲሊን አይስማማም» ተብሎ በግልጽ ቃል ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሶሲ ጠዋት ጠዋት ካርድ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ሥራዋ እንዳልሆነ ኃላፊዋ ነግሯታል፤ አልሰማችውም። የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለችውንም ምርኩዝ የያዘውንም፣ «መርፌ ተወግተው አሞዎት ያውቃል?» ትላለች። እስካሁን ከዝርዝሩ ውጪ ሁለት ሰው አግኝታለች።