ትራሴ ስር የነበሩት ቢላዎች

ይህ የሆነው ልጄን በወለድኩ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ልጄ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። ምንም ሳይደርስ አለፈ፤ ሊደርስ ይችል የነበረውን ግን ዛሬም አስበዋለሁ።

ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስለሚሠራ አራስነቴን ያሳለፍኩት ጎረቤላ አጠገብ፣ አማቴ ቤት ነው። በእርግዝናዬ አንድም የሐኪም ቀጠሮ አላሳለፍኩም። ደም ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ፊትሽ ካበጠ ቶሎ ነይ የተባልኩትን እንደ ተማሪ ሸምድጄዋለሁ። ስለ ሐሳብ ግን ማንም አልነገረኝም።

አማቴ እማማ አስካለ ደግ ሴት ናቸው። አጥሚቱንም ገንፎውንም አላጓደሉብኝም። አራስን ሰይጣን እንዳይተናኮላት ትራሷ ስር ብረት ይደረጋልና፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢላ አደረጉልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ ጠፋ። ልጅቷ ስትተኛ እንኳ እኔ አልተኛም። ከዚያ እጄ ልጄን ይጎዳታል የሚል ሐሳብ መጣ። አልፈለግኩትም። ሳባርረው ይመለሳል። ይህ ለማን ይነገራል? እናት ናት ወይ ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሥራዬ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

እማማ ለቅሶዬን አይተው «ይሄማ እሱው ነው» አሉና ሁለተኛ ቢላ ጨመሩ። ከፊተኛው የሚበልጥ፣ ሥጋ የሚከተፍበት። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ባለቀስኩ ቁጥር ብረቱ ሊበዛ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጸበል ሊያመጡልኝ ወጡ። «ብረቱን እንዳታነሺው፣ ልጄ» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ጉሙ አጥሩን ሸፍኖታል። ቤቱ ውስጥ እኔና ልጄ ብቻ ቀረን።

ሐሳቡ መጣ። እጄ ትራሱ ላይ እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። ልጄን አልጋው መሃል ትቻት፣ ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ሮጬ ወጣሁ። አራስ ክርስትና ሳታስነሳ ደጅ አትወጣም።

ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገድ ላይ አየችኝ።

«አንቺ፣ አራስ አይደለሽ እንዴ? ምን ሆነሻል?»

«ልጄ ጋ እንዳልገባ ያዢኝ» አልኳት፤ የሆዴንም ሁሉ ነገርኳት።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። «ይህ ሕመም ነው። ይታከማል» አለችኝና ገብታ ልጄን ታቀፈች። እማማ ሲመለሱ «ጸበሏን ትጠጣ፤ ብረቱን ግን አሁኑኑ ያውጡልኝ» አለቻቸው። የዚያኑ ቀን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። እማማ መንገዱን ሙሉ አለቀሱ።

ጊዜ ቢፈጅም ድኛለሁ። ግን እናደዳለሁ፤ ዝም ባልኩት በራሴም፣ ደሜንና ክብደቴን ሲለኩ ከርመው ይህን አንዲት ነገር ባልጠየቁኝ ሐኪሞችም።

ደነባ ያለችው የባለቤቴ እህት በቅርቡ ወለደች። ትናንት ደውዬ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኳትና «ምን ምን ታስቢያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። እሷ ግን ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።