የእህቴ ርካሽ ጥቅል

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ያን ቀን ጠዋት፣ ኢንተርኔት አቅራቢ አንዱን አፕ በርካሽ፣ ሌላውን ሁሉ በውድ መሸጥ ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት እያልን ከተማሪዎቼ ጋር ስንከራከር ነበር። አንዷ፣ «መምህር፣ ርካሽ ነገር ድሃን ምን ይጎዳዋል?» አለችኝ። መናኸሪያ ሄዳችሁ የአንድ ከተማ ትኬት ብቻ ርካሽ፣ የሌላው ሁሉ የማይቀመስ ቢሆን ድሃው የት ይሄዳል? አልኳቸው። ጉዳዩ ያለው ሌላ ከተማ ቢሆንስ? በምሳሌዬ ረክቼ ወጣሁ።

ከከተማው ወጣ ብላ ቡሹሎ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ በቤተሰብ ግሩፓችን ስትቀልድ ቆየች፤ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ እንዳላት ሳይቀር ፎቶ ልካ አስቃናለች። ከዚያ ለእኔ ለብቻዬ አንድ ሊንክ ላከችልኝ።

«ጋሼ፣ ክሊኒኩ የምርመራ ውጤቴን እዚህ ላይ ነው የለቀቀው። አልከፍት አለኝ፤ ኔትወርክ የለም። ራሴን እየፈለጠኝ ስለሆነ ትንሽ ልተኛ።»

ኔትወርክ የለም የምትለኝ በኔትወርክ እየጻፈች ነው! እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ የሶሻል ሚዲያ ጥቅል የገዛ ሰው ሌላው ሁሉ ሲዘጋበት ጥፋቱን ለኔትወርክ ይሰጣል። ልቀልድባት እያሰብኩ ሊንኩን በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ከፈትኩት። «ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን በብዛት ታይቷል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ» ይላል። የተለቀቀው ጠዋት ነው።

ፈራሁ። ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሾፌሩ ላይ ስጮህ ሰውየው «አይዞህ ወንድሜ፣ እንደርሳለን» ይለኛል። እኔ የሚታየኝ ግን ወድቃ ነው።

በሯን ስደበድብ ግድግዳ ተደግፋ ከፈተችልኝ። ፊቷ አብጧል፤ ዓይኗ ብዥ ብሎባት ድምፄን ሰምታ ነው የለየችኝ። ሆስፒታል አደረስኳት። በዚያው ቀን በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሁለቱም ተረፉ። ሐኪሙ «የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ የቀረውን ተወው።

እዚያው ሆስፒታል እያለች ሙሉ ጥቅል ገዛሁላት። ሲያልቅ ራሷ ሞላች፤ ያንኑ ርካሹን። «ጋሼ፣ ለሙሉው አቅሜ አይፈቅድም» አለችኝ። የሕፃኑም የምርመራ ውጤት የሚለቀቀው እዚያው የክሊኒኩ ገጽ ላይ ነው። አሁን ግሩፑ ላይ ስትስቅ ባየሁ ቁጥር እደውልላታለሁ፤ እስክታነሳ ድረስ ነፍሴ አትመለስም።